የታተመበት ቦታ

ሱቫ ላይ ይዘንባል፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
አርባ ሣጥን መጽሐፍ ከወደብ ተጭኖ በራፌ ላይ ቆሟል።
«ስጦታ» ይላል ላዩ በደማቅ ቀይ ቀለም፤
ስጦታን «አይ» የሚል ደንብ እኛ ዘንድ የለም።
መዶሻ ይዤ ወርጄ ምስማሩን ነቀልኩት፣
የላይኛውን ጥራዝ አቧራ አራግፌ ርዕሱን አነበብኩት፦
«በረዶ ከመንገድ የመጥረግ ብልሃት»፣
ከነሥዕሉ፣ ከነአካፋው ዓይነት።
ሥሩ የግብር ሕግ ነው፣ የሌላ አገር ግብር፣
እዚያው አገሩ ላይ ከተሻረ እንኳን ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

እዚህ ደሴት ላይ በረዶ የሚገኝ በዓሣ ሻጮች ሣጥን፣
እሱንም ፀሐይ ናት እስከ ቀትር ድረስ የምትጠርግልን።

ግን መቁጠር ግዴታ፤ «አራት ሺህ አዲስ ጥራዝ» ሪፖርት ላይ ይጻፋል፣
አለቃዬ ደስ ይለዋል፣ የለጋሾቹም ፎቶ ግድግዳ ይወጣል፤
የሞላ መደርደሪያ ማን ባዶ ነው ይላል?

ማክሰኞ ስብሰባ። ገንዘቡ ማነሱ፣ የጠያቂው ብዛት።
ምጣኔ ሀብት ክፍል መጽሔት ይፈልጋል፣ በየዓመቱ ኪራይ የሚከፈልበት፤
ውስጡ ምን አለበት? የእኛው ቱና ዓሣ፣ የእኛው ባሕር ጥናት፣
ከዚህ ቀድተው ወስደው፣ እዚያ አሽገው፣ መልሰው ለእኛው የሚሸጡበት።

ራምሳሙጅ ተነሣ፣ ታሪክ አስተማሪው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፦
«ቅድመ አያቴ ከሸንኮራው እርሻ ያጻፈችው ደብዳቤ አለ፤
ኮንትራቱ ላይ ያተመችው አውራ ጣቷን ነው፣ ፊደል ማን አስተማራት?
እንደሷ ያሉትን እንሰብስብ፤ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ብቻ እንስጣት።»
«አሳታሚው ማነው?» ዲኑ ጠየቀ።
ራምሳሙጅ አውራ ጣቱን አየና፣ ተቀምጦ ሳቀ።

እኔስ ንጹሕ ነኝ ወይ?
አምና ሮቱማዎች የቋንቋቸውን መዝገበ ቃላት ግዙልን ብለውኝ፣
«አንባቢው ጥቂት ነው» ብዬ የሰረዝኩት እኔው ሴሩዋያ ነኝ።
ጥቂት ያደረገው የማንም አለመግዛት እንደሆነ ሳውቀው፣
በጀቱ ሲያጥር ግን ብዕሬ ዘሎ ያረፈው እሱው ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ኢኖኬ የሚባሉ አዛውንት
ከካንዳቩ መጡ፣ ሌሊቱን በጀልባ፣ በጨው በነጣ ኮት፤
የተማሪ ደብተር ከብብታቸው አወጡ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣
የትኛው ዓሣ በየትኛው ጨረቃ፣ በየትኛው ነፋስ፣ አርባ ዓመት ቆጥረው።
«ልጆቼ ከተማ ናቸው» አሉኝ፣ «ባሕሩን ረስተዋል፤
እናንተ ዘንድ ቢቀመጥ፣ አንድ ቀን ለፈተና ሲሉ ያገኙት ይሆናል።
ሰባተኛው ገጽ ግን የጎሣችን ነው፤ ለሌላ አይነበብም።»
እኔም፦ «አባቴ፣ ይህ ቤት ለሁሉ ክፍት ነው፤ የሚደበቅ የለም።»
ዝም አሉ። ዓይናቸው የበረዶው መጽሐፍ ላይ ዐረፈ፣ ጠረጴዛዬ ሥር፤
(አንድ እግሩ አጥሮበት ደግፌው ነበር።)
«ልጄ፣ ሁሉን መክፈት ሁሉን ማወቅ አይደል፤
ያም ክፍት ነው» አሉ፣ «ማን ገልጦት ያውቃል?»
ከኪሳቸው መርፌና የዓሣ መረብ ክር አወጡ፣
ሰባተኛውን ገጽ ከስምንተኛው ጋር ሰፍተው፣ ቋጥረው፣ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ማታ ኮምፒውተሩ ላይ መዝገብ ከፈትኩለት።
ደራሲ፦ ኢኖኬ። ርዕስ፦ የለውም። ዘመን፦ አርባ ዓመት።
አሳታሚ፦ ባዶ። የታተመበት ቦታ፦ ባዶ። መኪናው እምቢ አለ፣
ቀይ ጽሑፍ አወጣ፣ ባዶ መተው አይቻልም፣ ይሞላ ይሞላ እያለ።
ጣቴን አንጠልጥዬ ቆየሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከወደቡ በኩል የመርከብ ጡሩንባ መጣ።
የራምሳሙጅ ሳቅ ትዝ አለኝ፣ የዚያች ሴት አውራ ጣት፣ ቀለሙ ያልወጣ።
«የታተመበት ቦታ» በሚለው መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«በኩራዝ፣ ጀልባ ውስጥ፣ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ።»
ተቀበለኝ። ደነገጥኩ።

ሰባተኛው ገጽ ዛሬም እንደተሰፋ አለ፤
ተማሪ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» እላለሁ፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ በደንቡ የተከለከለ።
እኔም አላነበብኩት።

ለሮቱማዎች ይቅርታ ልጽፍ ብዬ ሦስት ወረቀት ጨረስሁ፤
አራተኛው ላይ «መዝገበ ቃላቱ ዛሬም ካላችሁ…» ብዬ ጀመርኩና፣
ቃል አጣሁ።