ማሽኑን አጥፋልኝ

ሉባባ ለሌሊት ፈረቃ ስትወጣ
ሙንተሃ ደህና ነች፤ በጫማዬ ገብታ
ከበሩ እስከ አልጋው ሱቅ ስትነግድ ነበር፤
በጠርሙስ ክዳኖች ዱቤ ስትደምር።

ስድስት ሰዓት ላይ፣
መብራት ከሄደ በኋላ፣
«አባ» አለች በቀጭኑ።
ከዚያ ጮኸች።
እጇ ግራ ጆሮዋ ላይ፣ ጉልበቷ አገጯ ስር፣
እንደ ጃርት ተጠቅልላ።
«ጆሮዬ ውስጥ ማሽን አለ።
የእማ ማሽን ነው። አጥፋልኝ።»

የስልኬን ባትሪ አብርቼ አየሁላት፤
ጆሮዋ ቀልታለች፣ ለሁለት እንደተከፈለች ኮክ።
ማጥፊያ የላትም።

ከቦርከና ወዲያ ፋብሪካው ያጉረመርማል፤
ከሃረጎ ቁልቁል አንድ ከባድ መኪና ይወርዳል፤
ፍሬኑ ባፏጨ ቁጥር ሙንተሃ ትዘላለች።

ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ እኛ ካልተኛን ጎረቤት አይተኛም።
እትዬ ስንዱ መጡ፣ ጋቢ ተከናንበው፣
በማንኪያ ዘይት ይዘው፣ ነጭ ሽንኩርት አብስለው።
«ሁለት ጠብታ ብቻ፣ በማርያም!
ስድስቱንም ልጆቼን በዚች ነው ያሳደግሁ።»
ስድስተኛው፣ አያልነህ፣
በግራው በኩል ሲጠሩት አይዞርም፤
ይኼን አሰብሁ እንጂ አልተናገርሁም።
«ይቆይ፣ እትዬ» አልኋቸው።
ማንኪያውን እንደያዙ ቆሙ፤ ዘይቱ እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ፤
ቅር አላቸው፣ ግን አልሄዱም።
ጨው አመሱልኝ በብረት ድስት፣
በሉባባ ካልሲ ቋጠርነው፣
እንዳያቃጥላት ክንዴ ላይ ሞክሬ
ከጆሮዋ በታች አስደገፍሁላት።

ሽሮፕ አለ፣ ካለፈው ትኩሳቷ የተረፈ፤
መለኪያው ግን የለም፣ ያቺ ትንሽ ክዳን።
ፈለግሁ፣ ተንበርክኬ፣ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፤
አልጋ ስር፣ ሱቋ ውስጥ አገኘኋት፣
የአሥር ብር ስኳር ሆና።
አጠብኋት፣ ለካሁ፣ «ቢስሚላሂ» ብላ ዋጠች።
«በዱቤ ነው» አልኋት።
አልሳቀችም።

ስትተኛ ይብሳል፣ ስትነሳ ይቀላል፤
ትከሻዬ አልጋ ነው፣ እግሬ ይመላለሳል።
ሰባት እርምጃ ነው ከበሩ እስከ አልጋው፤
ሌሊቱ ሲረዝም ቤቱ ነው የሚያጥረው።
አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ እላለሁ ለጆሮዋ፤
የቱ ይሰማኝ ይሆን፣ ቀኟ ወይስ ግራዋ?

ለሉባባ ልደውል?
ስልኳ በር ላይ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ።
ብትሰማስ ምን ልላት?
ዘጠኝ ዓመት ከክር ማጠንጠኛው ጎን ቆማለች፤
ስታወራ ትጮኻለች፣ የተጣላን እስኪመስል፤
ሹክ ስላት «ምን?» ትለኛለች።
በእረፍቷ ሌሊት፣ ጎኔ ተኝታ፣
ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣
«ማሽኑን ትሰማዋለህ?» ብላኝ ታውቃለች።
እኔም «አይ» ብዬ ዞሬ ተኝቻለሁ።

ሊነጋጋ ሲል፣ አዛኑ ሳያልቅ፣
ልቅሶው በአንዴ ቆመ።
ፈራሁ።
አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ እርጥበት፤
በስልኩ ብርሃን ቢጫ፣ ጥቂት ደም የቀላቀለ፤
ከጆሮዋ ወርዶ ሸሚዜን አረጠበው።
«አባ» አለች፣ እንቅልፍ እየጎተታት፣
«ጠፋ።»

እትዬ ስንዱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ አሸልበዋል፣
ማንኪያው እቅፋቸው ውስጥ።

ሉባባ ገባች፤ ጥጥ ቅንድቧ ላይ፣ ጥጥ ሻሿ ላይ፤
እንደ ወትሮዋ በትልቁ «እንዴት አደራችሁ!»
ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤
ጆሮዬን ነካሁ፣ ሸሚዜን አሳየኋት።
ቦርሳዋን ጣለች።
ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ልጃችን አፍ ላይ አስጠጋች፤
ቆየች፤
ሌላኛውን ጆሮ አዞረች፤
ቆየች፤
በመጨረሻ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳርፋ፣
«ትተነፍሳለች» አለች፣
ጮክ ብላ።

ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ይከፈታል።
ሦስታችንም እንሄዳለን፣ ጥጧን ሳታራግፍ፣ ሸሚዜን ሳልቀይር።
ካርድ ክፍሉ «የታመመችው ማናት?» ሲለኝ
ሁለት ስም አስመዘግባለሁ።