ቀላድ

ሳሲት ላይ በጥቅምት፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
ሜትር ተሸክሜ ቁልቁል ወረድኩና፣
ከማንያህልሻል ከገብስ ማሳዋ ዳር
ቆሜ ሳሰላስል የድንበሩን ነገር፣
እሷ በባና ውስጥ ተጠቅልላ ወጣች፣
ከእግር እስከ ራሴ ለክታኝ ዝም አለች።

«የማን ልጅ ነህ?» አለች።
                  «የወረዳ» አልኳት።

በኛ ቤት ርስቱ የሚወረስ በስም ነው፤
ቅድመ አያቴን እናት ስታወጣ ሸዋንግዛው፣
እሱ የራሱን ልጅ አስፋው ብሎ ጠራው፤
አስፋውም አሰፋው።
ከዚያ የየካቲት ዐዋጅ በራዲዮ መጣ፣
ጭሰኛው ገባበት፣ ጌትየው ግን ወጣ።
አባቴ የዚያን ቀን ነበር የተወለደው፤
ታገሠ ተባለ፤ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ጋሻውን ብል በላው፤ ጎራዴው ተሸጠ፣
ለታገሠ ትምህርት ደብተር ተለወጠ።
አዳራሹ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን፤
ዩሪያ ዩሪያ ይላል የሙሽሮቹ ክፍል እስካሁን።

ሜትሬን ዘረጋሁ። ቀረብ ብላ ነካችው፤
በጣቷ ዳበሰች፣ ገልብጣም አየችው።
«ይኼ ያንተስ ገመድ ውሃ ይጠጣል ወይ?»
«እንዴት እማ?» አልኳት።
                  «አልሰማህም እንዴ?
አንድ ፊታውራሪ ነበረ በዚህ አገር፣
ቀላዱ ጠፍር ነው፣ የበሬ ቆዳ ጠፍር።
ለራሱ ሲያስለካ ወንዝ ያሳድረዋል፣
ጠፍር ሲርስ ይላላል፣ ሲላላ ይረዝማል፤
ለኛ ሲሆን ግና ፀሐይ ያውለዋል።
ይኼ የቆምክበት፣ ከጥዱ እስከ ቦዩ፣
የአንድ ሌሊት ውሃ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።
«ላስቲክ ነው» አልኳት፣ «ቢነክሩት አይጠጣም።»
ለካሁ፤ ተመለስኩ፤ ደግሜ ለካሁት፤
ሦስተኛም ሄድኩበት።
ያው ነው። ያው ቁጥር ነው። ረዳቴ ታከተው፣
«ሰውዬ፣ ምን ሆንክ?» አለ፣ ችካሉን ጣለው።

ከደብተሩ ግርጌ፣ የለካው ባለሙያ፦
የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት፤ እስከዚያ።
ለቅድመ አያት ቦታ የለውም ወረቀቱ፤
እፎይ አልኩ በሆዴ፣ ተመስገን ለቅጹ።

የልጅ ልጇ መጣች፣ ስድስተኛ ክፍል ናት፣
አረንጓዴውን ደብተር ጮክ ብላ አነበበችላት፦
«ይበቃል... ታገሠ... አስፋው።»
                  አሮጊቷ
ባናዋን ሰብስባ ቆየች በዝምታዋ።
«በቃ፣ እዚያ ላይ ተዪው» አለቻት ለልጅቷ፣
«አራተኛውን እኔ አውቀዋለሁ ድሮ።»

ሜትሬን ስጠቀልል ጤዛ ነክቶት ኖሮ፣
በሸሚዜ እጅጌ
አደረቅሁት።