ስምንት ሰከንድ

ጣቢያው ሲጀመር ጣቢያ አልነበረም፤
በር ላይ የሚነበብ ታፔላ እንኳ የለም።
ከብስክሌት ጠጋኙ ከቦርሳሞ ቤት
ከጀርባ በኩል፣ ሙጫ በሚሸትበት፣
አንዲት ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋን ሁሉ
ልጆች የእንቁላል ካርቶን ሲለጥፉ ዋሉ።
ካርቶኑን የሰጡን፣ ዓረብ ሰፈር ያሉት
ሐጂ ከድር ናቸው፤ ሙሉ ጋሪ ጭነት።
«ጫጩት ልታስፈለፍሉ?» ብለው ሲጠይቁን
«ዜማ ነው» አልናቸው፤ ሳቁና መረቁን።

ፈቃድ ፍለጋማ... ሦስት ዓመት፣ ሁለት ጫማ፤
«ነገ» የሚሉት ቀን፣ የማይነጋ ጨለማ።
ሲመጣ ባንድ ገጽ፣ ማኅተሙ ጠማማ።

አንቴናው ታቦር ላይ፣ ከወገቡ በላይ፣
ባንድ እግሩ ቆመ፣ ሐይቁን ቁልቁል ሊያይ።
ገና ሳንከፍተው አባ ኮዳ መጥቶ
ጫፉ ላይ ሰፈረ፣ ከዓሣ ገበያ በልቶ።
ቦርሳሞ በጠጠር ቢለው፣ ቢለው፣ ቢለው
«ተወው፣ ይስማ» አለች ዳንሲቴ፣ «ፍጥረት ነው።»

«የመጀመሪያው ቀን የማን መዝሙር ይሰማ?»
ስንከራከር ዋልን፤ መሸ በከተማ።
ቦርሳሞ ዝም ብሎ ካኪ ፖስታ ፈታ፤
ክፍሉ ቆጮ ቆጮ ሸተተን ያን ማታ።

ካሴቱን አውቀዋለሁ። ሲቀረጽ ነበርኩ፤
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ባትሪ የታቀፍኩ።
ቤተ ክርስቲያኑ በቀበሌ ታሽጎ፣
መዝሙር በየጓዳው ሲኖር ተሸሽጎ፣
ዳንሲቴ ዘመረች ከእንሰቱ ጓሮ፣
ፍራሹ መስኮት ላይ በሚስማር ተቸንክሮ።
የመኪናው ባትሪ ሆዴን እያቀዘቀዘኝ፣
«እንዳትተነፍስ!» ባይን ጥቅሻ ሲያዙኝ፣
አዝማቹ ሲደገም፣ ሳይነጋ፣ አውራ ዶሮ
ጮኸና ተቀረጸ፤ ክሩ ላይ ቀረ አብሮ።

በሳምንቱ ቦርሳሞን ቀበሌ ጠሩት።
«ካሴቱስ?»
«የለኝም።»
«የዘመረችውስ?»
«አላውቃትም።»
ሚስቱ ናት።
ሦስተኛውን ጥያቄ ዛሬም አይናገርም፤
ዶሮ ሲጮህ ግን፣ ቁጭ ብሎ አይሰማም።

ካሴቱን በላስቲክ፣ በኮባ ጠቅልሎ
ቆጮ ጉድጓድ ጣለው፣ «አብሮ ይቡካ» ብሎ።
ሰባት ክረምት ቆየ። ሲወጣ፣ ካንድ ቦታ
እርጥበት በልቶታል፤ ስምንት ሰከንድ ጸጥታ።

ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት፣ ምሽት። ቁልፉን ተጫንኩት።
ዳንሲቴ ጀመረች፣ በዚያ በልጅነት
ድምፅዋ፤ ዶሮው ጮኸ፤ ከዚያ ባዶው መጣ።
ስምንት ሰከንድ፣ ለሬዲዮ፣ ነፍስ የምታስወጣ
ዘላለም ናት።
ስልኩ ሲጮህ አመሸ፤ «መብራት ነው?» «ዝናብ ነው?»
አንዱ ከጥቁር ውሃ፣ «የኔ ሬዲዮ ነው?»
«አይደለም» እንላለን፤ «መዝሙሩ እንዲያ ነው።»

ዘንድሮ ባለመስታወት ፎቅ፣ ኮምፒውተር፣ ሊፍት አለን
(ሊፍቱ አይሠራም እንጂ፤ በደረጃ ለመድን)።
ኬብሮን የምትባል ልጅ ድምፅ ታጥብልናለች፣
«ጋሼ፣ ዶሮውን ላውጣው፣ ባዶውን ልሙላው» አለች።
የጠፋውን ግጥም ፍለጋ ዳንሲቴ ጋ ሄድን፤
ሻሿን አስተካክላ፣ አየችን፣ ሳቀችብን፦
«እኔስ ጠፍቶኛል። ጉድጓዱን ጠይቁ።
ቆጮውን በልታችሁት የለ? እናንተው እወቁ።»

ኬብሮን አልነካችውም።
አሁን ባዶው ሲመጣ ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው፣
አንዱ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ሌላው፣
ሹፌሩ ባማርኛ፣ ጡሩምባ እየነፋ፣
በገዛ ቃሉ ይሞላዋል ያንን የጠፋ።
ስንኙ አይገጥምም። ግን አብሮ ያልቃል።

እኔ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ አንድም ፊደል አላስታውስም፤
ነበርኩ እላለሁ እንጂ፣ ከዚያች ሌሊት ምንም
የቀረኝ የለም፣ ሆዴ ላይ ካለው የባትሪ ብርድ በቀር።
ዶሮው ይጮሃል።
አፌን ገጥሜ እቆጥራለሁ፤
ስምንት ላይ እተነፍሳለሁ።