ሰባት ጀሪካን ባሕር

ሲራጅ ከጅቡቲ ገብቶ በእኩለ ሌሊት፣
ተሳቢውን ገላን አስፋልቱ ዳር አቁሞት፣
ሰባት ጀሪካን ባሕር በትከሻው ይዞ መጣ፣
አራት ፎቅ ደረጃ፣ አንድ በአንድ፣ ሲወርድ ሲወጣ።
ስምንተኛው ባልዲ ነው፤ ክዳኑ ተበስቶ፣
ውስጡ አንድ ነገር አለ ተጠቅልሎ ተኝቶ፣
ቡናማ፣ ነጠብጣባም፣ እንደ ክንዴ ወፍራም።
«ዓሣ ነው» አለኝ። ቅርፊት የለው፣ ክንፍ የለው፤ እኔ እንጃ፣ አላመንኩም።

እትዬ በለጡ ከበር ላይ አንገታቸውን አስግገው
አዩና፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው፣
ሳምንት ሙሉ ጨው እንኳ ሊበደሩ አልመጡም።
(ጨውስ እኛ ቤት ነበር፣ ገንዳ ሙሉ፤ አላወቁም።)

ቴሌቪዥኑ ከነበረበት የመስታወት ገንዳ ቆመ፤
ከግንባታ የተረፈ ቁራጭ ቱቦ ውስጡ ተጋደመ።
እንግዳውም፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደወጣለት ሰው፣
ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የምናየው።

አፉን ይከፍታል። ይዘጋል። ይከፍታል።
ሊናከስ መስሎኝ ስሸሽ ሲራጅ ይስቃል፤
«ትንፋሹ ነው» ይለኛል፣ «ውኃ ነው የሚስበው፣
ቁጣ አይደለም።» እሺ። ለኔ ግን የሚመስለው
ነገር አፉ ላይ ደርሶ፣ «ይቅር» ብሎ የተወ ሰው።
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራቱን አቅርቤለታለሁ።

ሲራጅ መንገድ ሲወጣ መጋቢው እኔ ነኝ፤
ዓይኑ ደካማ ነው፣ በጠረን ነው የሚያገኘኝ፤
ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የዝዋይ ቆሮሶ ቆርጬ
ከገንዳው አፍ እቆማለሁ፣ ረጅም መቆንጠጫ ጨብጬ፣
ለሱ ጣትና ቁራሽ ዓሣ ልዩነት የላቸው።
ስም አላወጣንለትም። «እሱ» ነው የምንለው።

ነሐሴ ላይ፣ በዝናቡ፣ መብራት ጠፋ። አንድ ሌሊት። ሁለት።
የአየር ፓምፑ ዝም ሲል ቤቱ እንደ ጉድጓድ ዝም አለበት።
ሲራጅ ጋላፊ ላይ ሰልፍ ይዟል፤ ስልኩም አይጠራ።
በጭልፋ እየቀዳሁ ከላይ እለቀዋለሁ፣ አረፋ እንዲሠራ።
ክንዴ ሲዝል በሩ ተንኳኳ። ክብሪት ፈላጊ ናቸው፣ እትዬ በለጡ።
ቆመው አዩኝ። አዩት። ነጠላቸውን አደግድገው ተቀመጡ።
«አምጪው ወዲህ» አሉኝ፣ «ውኃ እንዲህ አይመታም።
ዘንዶም ቢሆን ታፍኖ ይሙት አይባልም።»

ሲነጋ ስልኩ ጮኸ።
«አለ?» አለኝ ሲራጅ። እንዴት አደርሽ የለ፣
እንዴት ነሽ የለ።
ያሥራ አንድ ዓመቱ ነገር አፌ ላይ ደረሰ።
ከፈትኩ። ዘጋሁ።
እሱም ከቱቦው አንገቱን አውጥቶ
ከፈተ። ዘጋ።
«አለን» አልኩት።