የቤቱ እግር

በእኛ አገር፣ በቺሊ፣ ቤት ለሚገዛ ሰው
ባንኩ ከሁሉ በፊት «እግሩ የታል?» ነው ሚለው።
«እግር» ነው የሚባለው የቅድሚያው ክፍያ፤
የቀረው በብድር፣ በዓመታት ሃያ።

እኔ የሆቴል አንሶላ አጣቢ፣ ባሌ ፎርክሊፍት ነጂ፤
ደሞዛችን ለቤት አይደል፣ ለዕለት ጉርስ እንጂ።
እኔና ኤሊሴዎ ያኔ ስንጀምር
እንኳንስ ሙሉ እግር፣ አልነበረን ጥፍር።

ልጃችን ሚሬያ አራት ዓመቷ ነው።
ወለል ላይ ዘርግቼ የዳቦ ወረቀት
የግራ እግሯን ዞሬ በእርሳስ ሣልኩበት።
«ገንዘብ በገባ ቁጥር እንቀባዋለን ቀይ»
አለ ኤሊሴዎ፣ ሰቅሎት ቁምሳጥን ላይ።

ደሞዝ የገባ ለት፣ ከመብራት፣ ከወተት፣
ከኪራዩም በፊት፣
ካሥር አንዱን ቆርጠን ለእግሩ አኖርንለት።
«ሲተርፈኝ አኖራለሁ» ያለ ሰው አይተናል፤
ተርፎት አያውቅም ለእሱ፣ ወሩ ይቀድመዋል።

ቤታችን ኮረብታ፣ ሥራችን ከወደብ፤
ለአሳንሰሩ ሚወጣው የጧት ማታ ገንዘብ
በጣሳ ሲጠራቀም፣ ሲንኳኳ ሰማነው፤
ሁለት መቶ አሥር ደረጃ በጉልበት ከፈልነው።
ጉልበቴ ሲያቃስት ኤሊሴዎ ይስቃል፦
«ቤቱ እግር ሲያበቅል የእኛ እግር ያልቃል!»

በኮንቴይነር ጥላ፣ ከቤት የሄደ ምሳ፤
ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ምስር፣ ዓርብ ዕለት ዓሣ።
ሞተር ብስክሌቱን ሸጦ ቀለበቱን ያዘ፤
ቁልፍ የሌለው ቀለበት በኪሱ ተጓዘ።

እኔ የሚያምረኝን ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ
ሠላሳ ቀን አቆየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሲታይ
ግማሹን ረሳሁት፤ ሩቡን አፈርኩበት፤
አንድ ሰማያዊ ኮት ግን እስካሁን ልቤ አለበት።
መስከረም፣ የበዓል ለት፣ ከተማው ሲጨፍር
የበዓል አበላችን ቀለም ሆነ ለጥፍር።

ደግሞ ዋጋው አይቆምም፤ ከኑሮ እኩል ሯጭ ነው፤
በየማለዳው ሲያድግ ጋዜጣ ላይ አየነው።
አንድ ደረጃ ወጣን፤ ኮረብታው ሁለት ወጣ፤
ወረቀቱን ልቀድደው እጄ ተነሥቶ መጣ።

በሦስተኛው ክረምት የአማቴን ጣሪያ
ነፋስ ይዞት ሄደ፤ እኛ ነን መጠጊያ።
ሁለት ጣት ቆረጥን።
በቀዩ ላይ ነጭ ቀባን።
ማንም አልተናገረም፤ ሚሬያ ብቻ ቀና ብላ፦
«እግሬ ይበቅላል?»
«ይበቅላል» አልናት። አልዋሸንም፤
ግን ዓመት ከመንፈቅ ወሰደ።

ትናንት ነው ያለቀው፤ ተረከዙ ሆነ ቀይ።
ሁለት ክፍል ነው ቤቱ፣ መስኮቱ ጥቂት ባሕር ሚያይ።
ኤሊሴዎ ቀለበቱን አውጥቶ ቁልፉን ሲያስገባ
ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ፣
እንደዚያ ሞተሩ እንደሄደ ቀን።

ወረቀቱን አውርደን ወለሉ ላይ ዘረጋነው፤
ሚሬያ ቆመችበት፤ እግሯ ግማሹ ውጭ ነው።
ዘጠኝ ዓመቷ ሆኗል። ጣቶቿ ከቀዩ አልፈው
ባዶው ሲሚንቶ ላይ ሄደዋል ተርፈው።
«ጠበበኝ» ስትለኝ መልስ ፈልጌ አጣሁ፤
ለአዲስ ጫማ መግዣ
ጣሳውን አመጣሁ።