የመቀስ ፊደል

በኩታይሲ ከተማ፣ ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣
ፊደል ቆረጠች ማቅዋላ፣ በጥር ሌሊት፣ በበረዶ።
ብርዕ አላነሳችም፣ ቀለምም አልነከረች፤
የፓስታ ካርቶን ዘርግታ በልብስ መቀስ ጀመረች።
ሠላሳ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣
እንደኛ ካዕብና ሣልስ፣ ሰባት ወንድም የሌላቸው።
አንዱ ሆዱን ነፍቶ፣ አንዱ አንገቱን ሰብሮ፣
አንዱ ጎረቤቱን ረግጦ፣ ይቅርታ ሳይል ዞሮ፤
መቀሱ የሳተው ጠርዝ ሳይታረም እንዳለ፣
ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባም መንገዳገዱን ቀጠለ።
«አስተካክይው እንጂ!» አላት ልጇ ቤሲክ ተናዶ፤
«እጅ እንደሠራው ይታይ» አለች፤ «ይሂድ እንዲሁ ተንጋዶ።»

ሄደም።
ቫሊኮ ዳቦ ቤት በር ላይ «ትኩስ» ሆኖ ወጣ፣
ኩፍ ብሎ እንዳደረ ሊጥ፣ ወገብ የሚባል እንዳጣ።
ከዚያ ማርማላታው ጠርሙስ ላይ፣ ከበለሱ ሥዕል በላይ፤
ከዚያ ጥርስ ነቃዩ በር ላይ፣ ለሚያለቅስ ልጅ አባባይ፤
ከዚያ «ዝይ ጠፍታብናለች፣ ግራ ክንፏ ነጭ ነው» ተብሎ
በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በዝናብ ርሶ፣ ተንጠልጥሎ።
(ዝይዋ ተገኘች። በፊደሉ ነው ወይ? እኔ አልምልም።)

ማዘጋጃ ቤቱ ሳይቀር፣ ማን እንዳዘዘ እንጃ፣
«ውሃ ለሦስት ቀን አይኖርም» አለ በዚሁ ፊደል።
ሰው አንብቦ ሳቀ። ሳቀና ሄደ።
ቧንቧውን ሲከፍት ነው ሳቁ የደረቀው።
ሦስቱንም ቀን ማቅዋላን ሲሰድቧት ሰነበቱ፣
ውሃውን የዘጋችው እሷ ይመስል።

አንድ ፊደል ግን ነበረ፣ ማንም ለሥራ ያልጠራው፣
የመጨረሻው፣ ሠላሳ ሦስተኛው፤
መብራት ጠፍቶ በሻማ የተቆረጠ፣
አንድ እግሩ ያበጠ።
ድምፁ «ሃ» ነው። በዳቦ ውስጥ የለም፣
በማርማላታም፣ በዝይም።
እኛ ዘንድ የገበታው ራስ፣ ትምህርት «ሀ» ተብሎ የሚጀመርበት፤
እነሱ ዘንድ የሰልፉ ጭራ፣ ተራ ሲጠብቅ የመሸበት።

ጉራም ሞተ።
የአሻንጉሊት ቲያትሩ ጉራም፣
ዕድሜውን ከመጋረጃ ሥር ተንበርክኮ
ቀበሮ ያናዘዘ፣ ንጉሥ ያስነጠሰ።
አታሚው «ነውር ነው» አለ፤
«ለሐዘን ቀጥ ያለ ፊደል አለ፣ ጥቁር፣ ጨዋ።»
«ጉራምን» አለች ሚስቱ ናቴላ፣
«በአርባ ዓመት ትዳር ቀጥ ብሎ ያየሁት ዛሬ ነው፤
እሱም ተጋድሞ።»

በቲያትሩ በር ላይ ተለጠፈ፦
ስሙ፣ ዕድሜው፣ የቀብሩ ሰዓት፣
እያንዳንዱ ፊደል ትከሻውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ
እንደ ቃሬዛ ተሸካሚ፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም።
ከግርጌው፣ ራሱ እንደተናዘዘው፣
ያ እግሩ ያበጠው ሦስት ጊዜ ቆመ፦
ሃ! ሃ! ሃ!

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አልታወቀም፤
ማን ቀድሞ እንዳለቀሰም።
ማቅዋላ ከሰው ኋላ ቆማ አንገቷን አዘመመች፤
ያቺን እግር በቀን ብርሃን ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።
ቤሲክ እጅጌዋን ያዘ፦
«እማ፣ እንዳትነኪያት።»