ነጩ ጽዋ

ወንዙ ስሙ ሲል ነው፤ ቁልቁል ሲል ይውላል፣
ምን እንዳለ ግና ማን ሰምቶት ያውቃል?
ከወንዙ ላይ ገደል፣ ከገደሉ አፈር፣
ካፈሩ ላይ ወይን፣ እንደ ፍየል ሊያድር
የወጣ ይመስል ድንጋይ ተቆናጦ፣
ካንዱ ዝናብ ወዳንዱ ከመውደቅ አምልጦ።
በሬ አይቆምበትም፤ ትራክተር አይወጣም፤
ዘለላው በጀርባ ካልሆነ አይመጣም።

ዴልሚሮ ሰባት ረድፍ አለው፣ አንድ ቀዝቃዛ ምድር ቤት፣
ሦስት በርሜል፣ የወገብ ሕመም፣ አንዲት ልጅ፣ ኤርሚታስ የሚሏት።

አምና ጥር ላይ ትኩሳት ያዘው፤
እሱን ቢተወውም አፍንጫውን ወሰደው።
ደህና ነው ዛሬማ፤ ይበላል፤ ይሠራል፤
ሽንኩርትና ፖም ግን አንድ ሆነውበታል።
ስለዚህ ዘንድሮ፣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ወይኑን የጠመቀው የሷ እጅ ነው፣ የሷ ትካዜ።

መጋቢት ገባና በርሜል ሊነካ ነው።
ሴኔን መጣ ካሥራ ሁለት ኪሎሜትር፣ የመጠጥ ቤት ጌታ፣
ዶሲንዳ ጎረቤት፣ አይብ በጨርቅ ይዛ፣ ትንሽ ዘግይታ።

ብርጭቆ የለም እዚህ። ቀዩ የሚቀዳው
በነጭ ሸክላ ጽዋ ነው፣ ጆሮ በሌለው፤
ያዘነብሉታል፤ ጠርዙ ላይ የሚተወውን ቀለም ያያሉ፤
«ነጭ ላይ ያልታየ ቀይ፣ ሐሜት ነው» ይላሉ።

ኤርሚታስ ቀዳች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ።
ሴኔን ተጎነጨ፤ በጉንጩ አላመጠ፤
ዋጋ ሊያወርድ ነው፤ ፊቱን ቋጥሮ ተቀመጠ።
ዶሲንዳ ግን «ውይ» አለች፣ «እንጆሪ እንጆሪ ይላል፤
እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ካጥሩ ጥግ የምትለቅመውን ይመስላል።»

ዴልሚሮ ጠጣ።
ቅዝቃዜ መጣለት። ትንሽ መጎምዘዝ መጣ።
ሌላ የመጣ የለም።
ጽዋውን አዘነበለ፤ ቀለሙ ከነጩ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ ዐየ፣
ፊደል ያልለየ አባት የልጁን ደብተር እንዳየ።
«ኤርሚታስ፣ አንቺ ንገሪኝ» አላት፤ «ምን ምን ይላል?»

«እንጆሪ» ልትል ነበር። ከንፈሯም ተከፍቶ ነበር።
«ዝናብ ዝናብ ይላል» አለች። «ማክሰኞ ልቀሚ ስትለኝ
እኔ እስከ ሐሙስ ቆየሁ።
ረቡዕ ዘነበ፣ አባዬ።»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ፦
«አንቺ የተወለድሽ ዓመት እኔም ቆይቻለሁ፤
ለእናትሽ ግን የበርሜሉ ጥፋት ነው ብያለሁ።»
ጽዋውን ዘረጋ፦ «ሙዪው።»

ሲመሽ አላጠበውም። መስኮቱ ላይ አኖረው፣
ጠዋት ብርሃን ሲመጣ ቀለሙን ሊያየው።
«ዋጋውስ?» ሲል ሴኔን ማንም አልሰማውም፤
ወንዙም ሲል ነበረ፤ ለሱም መላሽ የለውም።